ወጣቱ ጊታር ደርዳሪና የቀደሙት መምህራኑ

የእጅ ሙያ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ በዓይን አይቶ ነው፤ ሁለተኛው በጆሮ ሰምቶ ነው። ሸማኔ ልጁን ከጉድጓዱ አጠገብ አስቀምጦ የመወርወሪያውን አካሄድ ያሳየዋል፤ የዜማ መምህር ግን ደቀ መዝሙሩን በቃሉ እየመራ ያሰማዋል። በሁለቱም መንገድ የሚጠቅም ትምህርት ይገኛል። ነገር ግን መምህሩን ከቶ ያላየ፥ ድምፁን ብቻ ከሩቅ የሰማ ልጅ ሙያውን ሊማር ይችላልን? ቢማርስ የተማረው ሙያ የመምህሩ ነው ወይስ የራሱ? ከሩቅ ሆኖ ላስተማረውስ ሰው ውለታውን በምን ይከፍላል?

ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሆን ታሪክ በአሜሪካ አገር ከነበሩት የባላገር ጊታር ደርዳሪዎች ኑሮ ይገኛል። ከእነርሱም አንዱ ቼት አትኪንስ ነው። ይህ ሰው በድኽነትና በደዌ ያደገ የገጠር ልጅ ነበረ፤ ነገር ግን ቀድመውት የነበሩትን ደርዳሪዎች ተግቶ በመስማት ስሙ በዓለም የታወቀ ባለሙያ ሆነ። መምህራን ለተማሪዎቻቸው፥ ሽማግሌዎችም ለልጆቻቸው ይነግሩት ዘንድ ታሪኩ ከዚህ በታች በየክፍሉ ተጽፏል። የሚጠሩት ዓመቶች ሁሉ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ፤ ስለ ጊታርና ስለ አደራደሩ

ጊታር እንደ ክራርና እንደ በገና በአውታር የሚናገር የዜማ መሣሪያ ነው። ሆዱ ከስስ እንጨት የተሠራና ውስጡ ባዶ ነው፤ ረጅም አንገት አለው፤ ከሆዱ እስከ አንገቱ ጫፍ ድረስ ስድስት አውታሮች ተወጥረውበታል። ከእነዚህ ሦስቱ ወፍራሞች ስለ ሆኑ ድምፃቸው ጐርናና ነው፤ ሦስቱ ቀጫጭኖች ስለ ሆኑ ድምፃቸው ቀጭን ነው። ደርዳሪው በግራ እጁ ጣቶች አውታሮቹን በአንገቱ ላይ እየተጫነ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፤ በቀኝ እጁም ይመታቸዋል።

በክራር ዘንድ በመምቻ የሚገርፍና በጣቶቹ አንድ አንድ አውታር እየነጠለ የሚመታ እንዳለ ሁሉ፥ በጊታርም ዘንድ እንዲሁ ነው። ብዙ ሰዎች አውታሮቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ እየገረፉ ይጫወታሉ። እንዲህ ያለው አደራደር ለዘፋኙ አጃቢ ይሆንለታል እንጂ ዜማውን ራሱን አይናገርም። በአሜሪካ አገር በኬንታኪ ግዛት በምዕራቡ ወገን ግን ከዚህ የተለየ ብልሃት በባላገሩ መካከል አደገ። በዚህ ብልሃት ደርዳሪው በአውራ ጣቱ ወፍራሞቹን አውታሮች እያፈራረቀ፥ ልክ እንደ ከበሮ ምት ሳያቋርጥ ይመታል። የመዳፉንም ጠርዝ በወፍራሞቹ አውታሮች ላይ ጥቂት ያሳርፋል፤ ይህንም የሚያደርገው ድምፃቸው እንዳይንዛዛና ዜማውን እንዳይሸፍነው ነው። በዚያው ጊዜ በሌላው ጣቱ በቀጫጭኖቹ አውታሮች ላይ ዜማውን ይጫወታል። አውራ ጣቱ እንደ ምት መሪ፥ ሌላው ጣት እንደ ዘማሪ ይሆናሉ ማለት ነው። ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው ሁለት ሰዎች ሁለት ጊታር ይዘው የሚጫወቱ ይመስለዋል።

ይህ ብልሃት የሚከብደው ሁለቱ ሥራዎች ባንድ እጅ ስለሚሠሩ ነው። አውራ ጣት የዜማውን አካሄድ ተከትሎ ቢፈጥን ወይም ቢዘገይ ሥራው ሁሉ ይበላሻል። ስለዚህ ተማሪው አስቀድሞ አውራ ጣቱን ብቻ ሳይሰለች ያለማምዳል፤ አውራ ጣቱ ያለ አሳብ በራሱ መሄድ ሲጀምር ዜማውን ጥቂት በጥቂት ይጨምርበታል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው።

2ኛ፤ ስለ አርኖልድ ሹልዝ

የዚህን አደራደር ትውልድ ወደ ኋላ ለሚቈጥር ሰው ከፊተኞቹ ስሞች አንዱ የአርኖልድ ሹልዝ ስም ነው። አርኖልድ ሹልዝ በ1886 ዓ.ም. በኬንታኪ ግዛት በኦሃዮ አውራጃ ተወለደ። ወገኑ ከጥቁር አሜሪካውያን ነበረ፤ በተወለደበትም ጊዜ ባርነት በአሜሪካ በሕግ ከተሻረ 20 ዓመት ያህል ብቻ ሆኖት ነበር። ሹልዝ በድንጋይ ከሰል ሥራ እየደከመ እንጀራውን ያገኝ ነበር፤ ከሥራው ሲያርፍ ጊታሩንና ቫዮሊኑን ይዞ ከመንደር ወደ መንደር እየዞረ በግብዣና በጭፈራ ላይ ይጫወታል። ጥቁሮችም ነጮችም ጠርተው ያጫውቱት ነበር።

በዚያ ዘመን በኬንታኪ ጥቁርና ነጭ የተለያዩ ነበሩ። በ1904 ዓ.ም. የወጣው የግዛቱ ሕግ ጥቁርና ነጭ ልጆች ባንድ ትምህርት ቤት እንዳይማሩ ከለከለ፤ የአሜሪካ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ1908 ዓ.ም. ሕጉን አጸናው። ይኸው ከፍተኛ ፍርድ ቤት በሕዝብ ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭን መለየት ከሕገ መንግሥቱ ጋር የማይስማማ መሆኑን የፈረደው በ1954 ዓ.ም. ነው። ሹልዝ በኖረበት ዘመን አስተማሪ ሆኖ በነጮች ትምህርት ቤት ደጅ ሊቆም አይችልም ነበር። ነገር ግን ጊታሩን ይዞ በተቀመጠበት ሁሉ የነጮች ልጆች ከበውት ጣቶቹን ይመለከቱ፥ ድምፁንም ያዳምጡ ነበር። ሕጉ የትምህርት ቤቱን ደጅ ዘጋ እንጂ የልጆቹን ጆሮ ሊዘጋ አልቻለም።

ከነዚህ ልጆች አንዱ ቢል ሞንሮ ነው። ቢል ሞንሮ በ1911 ዓ.ም. በዚያው በኦሃዮ አውራጃ ተወለደ፤ በኋላም ብሉግራስ የሚባለውን የሙዚቃ ዓይነት በማቋቋም በአገሩ የከበረ ሰው ሆነ። ልጅ ሳለ ሹልዝ በጭፈራ ላይ ቫዮሊን ሲጫወት እርሱ በጊታር ያጅበው ነበር። ካደገና ከከበረ በኋላም ከሹልዝ መማሩን አልሸሸገም፤ ስለ እርሱ በጠየቁት ጊዜ ሁሉ ስሙን በምስጋና ይጠራ ነበር።

አርኖልድ ሹልዝ በ1931 ዓ.ም. ሞተ። በሕይወቱ ሳለ የሙዚቃ ነጋዴዎች በየአገሩ እየዞሩ የብዙ ባላገር ደርዳሪዎችን ድምፅ በሸክላ ይቀርጹ ነበር፤ የሹልዝን ድምፅ ግን የቀረጸ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ዛሬ የእጁን ሥራ የሚያሰማ አንድም ሸክላ አይገኝም። እርሱ የጻፈው መጽሐፍም የለም። ሥራው የቀረው ከእርሱ በሰሙት ሰዎች ጣት ነው፤ ስሙም የቀረው እነዚያ ሰዎች ከእርሱ መማራቸውን ስለ ተናገሩ ነው። እነርሱ ዝም ብለው ቢሆን ኖሮ፥ ዛሬ ስለ ሹልዝ የሚያውቅ ማንም ባልኖረ ነበር።

3ኛ፤ ስለ ከሰል ቆፋሪዎቹ ደርዳሪዎች

ከኦሃዮ አውራጃ ቀጥሎ ሙህለንበርግ የሚባል አውራጃ አለ። በዚህም አገር የሕዝቡ ዋና ሥራ ከምድር ውስጥ የድንጋይ ከሰል መቆፈር ነበረ። ሰዎቹ ቀኑን በጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ይውሉና ሲመሽ በቤታቸው ደጅ ተቀምጠው ጊታር ይመታሉ። ከሹልዝ የተማረው ኬኔዲ ጆንስ የተባለ ሰው አደራደሩን ወደዚህ አውራጃ ሰዎች አደረሰው። በአውራ ጣት ላይ እንደ ቀለበት የሚጠለቀውን መምቻ በዚያ አገር ያስለመደው እርሱ ነው ይባላል። ይህ መምቻ አውራ ጣትን ከመላጥ ያድነዋል፤ የወፍራሞቹንም አውታሮች ድምፅ አጥርቶ ያሰማል።

ከኬኔዲ ጆንስ ሞዝ ሬጀርና አይክ ኤቨርሊ ተማሩ። ሞዝ ሬጀር በከሰል ጉድጓድ ሠርቷል፤ ጠጕር ቆራጭም ነበረ። አይክ ኤቨርሊም ከሰል ቆፋሪ ነበረ፤ ዶንና ፊል የተባሉት ሁለቱ ልጆቹ ኋላ ኤቨርሊ ወንድማማቾች ተብለው በዘፈን ዓለም የታወቁ ሆኑ።

በዚያው አውራጃ በ1917 ዓ.ም. ሜርል ትራቪስ ተወለደ። አባቱ በከሰል ሥራ ይተዳደር ነበር። ልጁ አስቀድሞ ባንጆ የሚባለውን የአውታር መሣሪያ ለመደ፤ ከዚያ በኋላ ወንድሙ በእጁ የሠራውን ጊታር ሰጠው። ትራቪስ ሬጀርና ኤቨርሊ የሚጫወቱበትን ቦታ እየፈለገ ይከተላቸው ነበር። ከአጠገባቸው ተቀምጦ እጃቸውን ያያል፤ ወደ ቤቱ ሲመለስ ያየውን ይሞክራል፤ ያልገባውን ነገር ሊጠይቅ ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ እያለ አደራደሩን ከእነርሱ ተቀብሎ ይበልጥ አጠራው። የሚጫወተውም በሁለት ጣት ብቻ ነበር፤ ይኸውም ወፍራሞቹን አውታሮች በአውራ ጣቱ፥ ዜማውን በጠቋሚ ጣቱ ይመታ ነበር።

ትራቪስ በ1937 ዓ.ም. ከከሰል አገር ወጥቶ በሙዚቃ መተዳደር ጀመረ። ጥቂት ቈይቶም በሲንሲናቲ ከተማ ባለው ትልቅ የራዲዮ ጣቢያ ከጓደኞቹ ጋር ይጫወት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ስሙ ስለ ገነነ፥ ይህን አደራደር የሚማሩ ሰዎች ሁሉ «የትራቪስ አደራደር» ብለው ይጠሩት ጀመር። ነገር ግን ትራቪስ ራሱ ብልሃቱን እኔ ፈጠርሁት ብሎ አልተመካም። ከሬጀርና ከኤቨርሊ መማሩን እስከ ሞተበት እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ይናገር ነበር። ሬጀር አብዛኛውን ዕድሜውን በገጠር የቆየ ሰው ነው፤ ከሩቅ አገር የመጡ ደርዳሪዎች ደጁን ፈልገው የጐበኙት ደቀ መዝሙሩ ስሙን ስላስታወቀለት ነው።

4ኛ፤ ስለ ቼት አትኪንስ ልጅነት

ቼት አትኪንስ በ1924 ዓ.ም. በቴኔሲ ግዛት ሉትረል በምትባል መንደር አጠገብ ተወለደ። አባቱ የዜማና የፒያኖ አስተማሪ ነበረ፤ ነገር ግን ልጁ ስድስት ዓመት ሲሆነው አባትና እናቱ ተፋቱ፤ ልጁም ከእናቱ ጋር ቀረ። ቤታቸው የድኻ ቤት ነበረ። ልጁ መጀመሪያ ያገኘው መሣሪያ ኡኩሌሌ የሚባል አራት አውታር ያለው ትንሽ ጊታር ነው፤ ከዚያም ቫዮሊን ለመደ። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነው አንድ አሮጌ ሽጉጥ ለወንድሙ ሰጥቶ፥ ደግሞም የወንድሙን የቤት ሥራ ሊሠራለት ተስማምቶ በለውጡ ጊታር ተቀበለ። ጊታሩ አንገቱ የጐበጠ ስለ ነበረ በላይኛው ጫፍ በጥቂቱ ካልሆነ በቀር አውታሮቹን ተጭኖ ማሰማት አይቻልም ነበር።

ልጁ አስም የሚባል ትንፋሽ የሚያሳጥር በሽታ ነበረበት። ስለዚህ በዐሥራዎቹ መጀመሪያ ሳለ የአየሩ መለወጥ ይሻለው እንደ ሆነ ተብሎ በጆርጂያ ግዛት ወደሚኖረው አባቱ ተላከ። በሌሊት ተጋድሞ መተንፈስ ስለሚያስቸግረው ወንበር ላይ ተቀምጦ ያድር ነበር፤ እንቅልፍ እስኪወስደውም ድረስ ጊታሩን ታቅፎ ይመታ ነበር። በትምህርት ቤትም ድምፁ በግድግዳው ላይ እያስተጋባ አምሮ ስለሚሰማው በመታጠቢያ ክፍል ገብቶ ይለማመድ ነበር። በሽታው ከሩጫና ከጨዋታ ከለከለው፤ እርሱ ግን የተከለከለበትን ጊዜ ሁሉ ለትምህርት አደረገው።

በጆርጂያ በሚኖርበት መንደር እጁን ይዞ የሚያስተምረው ጊታር ደርዳሪ አልነበረም። ያለው ነገር ጆሮውና አንድ ራዲዮ ነበር።

5ኛ፤ ከራዲዮ ስለ ተሰማው ድምፅ

በ1939 ዓ.ም. ገደማ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሆነው፥ ቼት አትኪንስ በአንድ ሌሊት በራዲዮ የሜርል ትራቪስን ጊታር ሰማ። ራዲዮው የሚናገረው ከሲንሲናቲ ነው፤ ልጁ ያለበት መንደር ግን ከዚያ ወደ ደቡብ 700 ኪሎሜትር ያህል ይርቃል። ድምፁ ይህን ያህል ሊርቅ የቻለው ጣቢያው እጅግ ኃይለኛ ስለ ነበረ ነው። ከ1934 እስከ 1939 ዓ.ም. ድረስ ኃይሉ 500,000 ዋት ነበረ፤ በዚያ ዘመን በአሜሪካ ከሱ የሚተካከል ጣቢያ አልነበረም።

ልጁ የሰማውን ነገር ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም ነበር። ወፍራሙ ድምፅ ሳያቋርጥ እንደ ሰው እርምጃ ይሄዳል፤ ቀጭኑ ድምፅ በላዩ ይዘምራል፤ ሁለቱም ከአንድ ጊታር ይወጣሉ። ራዲዮ ድምፅን ያመጣል እንጂ እጅን አያሳይም። ስለዚህ ልጁ፥ ይህ ሰው ይህን ሁሉ የሚያደርገው በስንት ጣት ነው ብሎ ማሰብ ጀመረ። በአውራ ጣትና በአንድ ጣት ብቻ ይህን ያህል ጥርት ያለ ሥራ ሊሠራ አይችልም፤ ያለ ጥርጥር በአውራ ጣቱ ላይ ሁለት ጣቶች ይጨምራል ብሎ ገመተ። እንደ ግምቱም በአውራ ጣቱና በሁለት ጣቶቹ፥ አንዳንድ ጊዜም በሦስት ጣቶቹ ይለማመድ ጀመር።

ግምቱ ግን ትክክል አልነበረም። ከላይ እንደ ተነገረው ትራቪስ የሚጫወተው በአውራ ጣቱና በአንድ ጣቱ ብቻ ነበር። ቼት አትኪንስ ይህን ያወቀው የራሱ አደራደር በጣቶቹ ከጸና በኋላ ነው። ሆኖም የሳተበት ነገር ጥቅም አመጣለት። ዜማውን የሚመታው በብዙ ጣቶች ስለ ሆነ፥ ትራቪስ የማያደርገውን ነገር ማድረግ ቻለ፤ ይኸውም ሁለት ሦስት ድምፆችን ባንድ ጊዜ ማሰማት፥ ዜማውንም ይበልጥ ማለስለስና ማርዘም ነው። የትራቪስ አደራደር የከሰል አገር ጉልበትና የጭፈራ ሞቅታ ነበረበት፤ የአትኪንስ አደራደር ግን የረጋና የለዘበ ሆነ። ከአንድ ሥር ሁለት ቅርንጫፍ ወጣ።

በዚህ ቦታ ሊስተዋል የሚገባው ነገር አለ። ልጁን የጠቀመው መሳሳቱ ብቻውን አይደለም፤ የሚሳሳት ሰው ብዙ ነው። የጠቀመው ጆሮው የሰማውን ሳያሳስት መያዙ ነው። ድምፁ እንደ ትራቪስ ድምፅ እስኪሆን ድረስ አላረፈም፤ የጣቶቹ ቁጥር ቢለይም ፍሬው እንዲመሳሰል ደከመ። ድምፁን ሳያዳምጥ በፈቀደው መንገድ ቢመታ ኖሮ የራሱን መንገድ አያገኝም ነበር፤ የሚያገኘው ስሕተትን ብቻ ነበር።

ደግሞም አንድ መምህር ብቻ አልበቃውም። ጃንጎ ሬይናርት የተባለውን በኤውሮፓ የኖረ ደርዳሪ በሸክላ ይሰማው ነበር። ይህ ሰው በ1928 ዓ.ም. በእሳት አደጋ የግራ እጁ ሁለት ጣቶች ተጐድተው በቀሩት ጣቶች እንደ ገና የተማረ ሰው ነው። ሌስ ፖልንና ጆርጅ ባርንስንም ይሰማቸው ነበር። ከየአንዳንዳቸው የሚጠቅመውን እየወሰደ ከትራቪስ በተቀበለው መሠረት ላይ አኖረው።

6ኛ፤ ስለ ፈተናውና ስለ ውለታው

ቼት አትኪንስ በ1942 ዓ.ም. በራዲዮ ጣቢያ ተቀጠረ፤ ኑሮው ግን ወዲያው አልተቃናም። ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላው እየተዛወረ ከሥራ የተሰናበተበት ጊዜ ብዙ ነው። አንዳንዶቹ አሠሪዎች አጨዋወቱ የባላገር አይመስልም፥ የተራቀቀ ነው ብለው አልወደዱትም። እርሱ ግን አደራደሩን አልለወጠም። በ1947 ዓ.ም. አንድ ትልቅ የሸክላ ኩባንያ ውል ሰጠው፤ ከዚያም ወዲህ በናሽቪል ከተማ የኩባንያው ሥራ ኃላፊ እስከ መሆን ደረሰ። ግራሚ የሚባለውን የሙዚቃ ሽልማት 14 ጊዜ ተቀበለ።

በዚህ ሁሉ ክብር መካከል መምህሩን አልረሳም። ሴት ልጁ በተወለደች ጊዜ በትራቪስ ስም ሜርል ብሎ ጠራት። በ1974 ዓ.ም. ደግሞ ሁለቱ መምህርና ደቀ መዝሙር አብረው ተቀምጠው አንድ ሸክላ አወጡ። በዚያን ጊዜ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ ይልቅ በሀብትም በሥልጣንም የበለጠ ነበረ። ቢፈልግ ስለ ትራቪስ ዝም ሊል ይችል ነበር፤ ብዙ ወጣቶች ያን አደራደር የሚያውቁት ከትራቪስ ሳይሆን ከእርሱ ነበርና። እርሱ ግን ስሙን ከራሱ ስም ጋር አብሮ አስጻፈ። ቼት አትኪንስ በ2001 ዓ.ም. በናሽቪል ሞተ።

7ኛ፤ ድምፁ ባሕር ስለ መሻገሩ

በ1955 ዓ.ም. በአውስትራልያ አገር ቶሚ ኢማኑኤል የተባለ ልጅ ተወለደ። ገና አራት ዓመት ሲሆነው እናቱ ጊታር አስተማረችው። ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው የቼት አትኪንስን ጊታር በራዲዮ ሰማ። አትኪንስ ትራቪስን በሰማ ጊዜ እንደ ሆነው ሁሉ፥ ይህም ልጅ አንድ ሰው ይህን ሁሉ እንዴት ብቻውን ያደርገዋል ብሎ ተደነቀ። ከዚያም ሸክላውን ደጋግሞ እየሰማ ለመደ። በልጅነቱ ለአትኪንስ ደብዳቤ ጻፈለት፤ ከባሕር ማዶም መልስ መጣለት። ያ ደብዳቤ በሩቅ አገር ላለ ልጅ ምን ያህል ብርታት እንደሚሆነው ማንም አስተማሪ ሊያውቀው ይችላል።

በ1980 ዓ.ም. ቶሚ ኢማኑኤል ወደ ናሽቪል ሄዶ መምህሩን በዓይኑ አየ። በ1997 ዓ.ም. ሁለቱ አብረው ሸክላ አወጡ። በ1999 ዓ.ም. አትኪንስ ለጥቂት ሰዎች ብቻ የሰጠውን «የተመሰከረለት ጊታር ደርዳሪ» የሚል ማዕርግ ሰጠው። እንዲህም ሆኖ በኬንታኪ የከሰል መንደር በአንድ ጥቁር ሠራተኛ ጣት የተሰማው ብልሃት ከጆንስ ወደ ሬጀርና ወደ ኤቨርሊ፥ ከእነርሱም ወደ ትራቪስ፥ ከትራቪስ ወደ አትኪንስ፥ ከአትኪንስ ወደ አውስትራልያው ልጅ ደረሰ። በዚህ መንገድ መካከል ሁለት ጊዜ መምህርና ተማሪ ሳይተያዩ ትምህርቱ ተላለፈ።

8ኛ፤ መምህራንና ሽማግሌዎች ከዚህ ታሪክ ስለሚያገኙት ትምህርት

በመጀመሪያ የተጠየቁት ጥያቄዎች በዚህ ታሪክ መልስ አግኝተዋል። መምህሩን ያላየ ልጅ ሊማር ይችላል፤ ነገር ግን የሚማረው አጥብቆ ሲሰማ ነው። የተማረው ሙያም የመምህሩም የራሱም ነው፤ ሥሩ የመምህሩ፥ ቅርንጫፉ የራሱ ይሆናልና። ውለታውንም የሚከፍለው የመምህሩን ስም በመጥራት ነው።

ስለዚህ በመንደር ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው ሦስት ነገር ያስተውላል።

አንደኛ፤ ተማሪው አስቀድሞ እንዲሰማ ያደርጋል። መዝሙር ወይም ዜማ ሲያስተምር ልጆቹ ከአፉ ነጥቀው ከመጮኻቸው በፊት ሦስት አራት ጊዜ ዝም ብለው እንዲያዳምጡ ያደርጋል። ድምፁ በልቡናው ያልተቀመጠ ልጅ የሚያስተካክለው ነገር የለውም፤ በምን ይመዝነዋል?

ሁለተኛ፤ የልጁ አያያዝ ከራሱ አያያዝ ስለ ተለየ ብቻ ፈጥኖ አይቈጣውም። አስቀድሞ ፍሬውን ይመረምራል። ድምፁ የቀና፥ ምቱ የተካከለ እንደ ሆነ ጣቱ ቢለይ ምንም አይደለም። ድምፁ የተበላሸ እንደ ሆነ ግን ጣቱን ያርመዋል። ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የአስተማሪ ማስተዋል ነው።

ሦስተኛ፤ ያስተማረውን ሰው ስም ለተማሪዎቹ ይነግራቸዋል። በቤተ ክህነት ትምህርት የዜማና የቅኔ መምህራን ከማን እንደ ተማሩ በትውልድ የሚቈጠርበት ልማድ አለ። ይህ ልማድ ለቤተ ክህነት ትምህርት ብቻ መቅረት የለበትም። ክራር የሚመታ፥ በገና የሚደረድር፥ መሰንቆ የሚገዘግዝ፥ ዋሽንት የሚነፋ ሰው በየመንደሩ አለ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ እንደ ሹልዝ ድምፃቸው አልተቀረጸም፥ ስማቸውም አልተጻፈም። አንዳንዶቹ የተናቁ ሰዎች ናቸው፤ በግብዣ ጊዜ ይጠራሉ፥ ግብዣው ሲያልፍ ይረሳሉ። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ከእርሱ ጋር የሚቀበረው አንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ያስተማሩት ሰዎች ሁሉ ሥራ አብሮ ይቀበራል።

ሽማግሌዎች በዚህ ነገር ትልቅ ረዳት ናቸው። በመንደሩ የነበሩትን ባለሙያዎች፥ ማን ከማን እንደ ተማረ፥ ማንስ ለማን እንዳስተማረ የሚያስታውሱት እነርሱ ናቸውና። አስተማሪው ማንበብና መጻፍ የሚያውቁትን ተማሪዎች ወደ እነርሱ ልኮ የሰሙትን በደብተር ቢያስጽፋቸው፥ ልጆቹ የእጅ ጽሑፍ ይለማመዳሉ፤ ሽማግሌዎቹ ይከበራሉ፤ የመንደሩም ሙያ ባለቤቱ ይታወቃል። የሚጻፈውም ረጅም ሊሆን አይገባም፤ የባለሙያው ስም፥ የትውልድ ቦታው፥ የመሣሪያው ዓይነት፥ የመምህሩ ስምና የደቀ መዝሙሩ ስም ይበቃል።

ለተማሪዎች የሚቀርቡ ጥያቄዎች

1. ጊታር ስንት አውታሮች አሉት? በኬንታኪ በተለመደው አደራደር የአውራ ጣት ሥራ ምንድን ነው? የሌላውስ ጣት?
2. አርኖልድ ሹልዝ የኖረበት አገር ሕግ ጥቁርና ነጭ ልጆችን በትምህርት ቤት ሲለያይ፥ ትምህርቱ ለሁለቱም ወገን የደረሰው በምን መንገድ ነው?
3. የሹልዝ ድምፅ በሸክላ ሳይቀረጽ ስሙ እስከ ዛሬ የቆየው ስለ ምንድን ነው?
4. ሜርል ትራቪስ መምህራኑን እያየ ተማረ፤ ቼት አትኪንስ ግን መምህሩን ሳያይ ተማረ። ከሁለቱ መንገዶች እያንዳንዱ ምን ጥቅም አለው?
5. ቼት አትኪንስ የጣቶቹን ቁጥር ቢስትም ሥራው ያልተበላሸው ስለ ምንድን ነው?
6. በመንደራችሁ ካሉት ባለሙያዎች አንዱን ጠይቁ፤ ከማን ተማረ? ያስተማረውስ ሰው ከማን ተማረ? የነገራችሁን ስሞች በቅደም ተከተል በደብተራችሁ ጻፉ።